«ሲስተም የለም» ከመስኮቱ ወዲያ፦ ጠባብ የኢንተርኔት መስመርን ለብዙ ሠራተኛ ስለማከፋፈል

መግቢያ

መሥሪያ ቤት ሄዶ ተሰልፎ የማያውቅ የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ወረፋችን ደርሶ ወደ መስኮቱ ስንጠጋ የምንሰማትን አጭር ዐረፍተ ነገርም ሁላችንም እናውቃታለን፤ «ሲስተም የለም»። እኔም ለዓመታት ሰምቻታለሁ፣ ተናድጄባታለሁ፣ «ነገ ተመለስ» ተብዬም ሄጃለሁ። ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ግን ነገሩ ተገለበጠና «ሲስተም የለም» ከሚሉት ወገን ሆኜ ሁለት ወር ቆየሁ።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ጠባብ የኢንተርኔት መስመር ያለው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ቪዲዮና ሙዚቃ ሲከፍቱ መስመሩ ለምን እንደሚታነቅና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ነው። በኮምፒዩተር ኔትወርክ ኮርስ ላይ ለፈተና ብለን ሸምድደን የረሳናቸው ነገሮች እዚያ ቢሮ ውስጥ በአካል ቆመው አግኝቻቸዋለሁ። በመካከሉ የፈጸምኩት ስህተትም አለ። እሱንም እጽፈዋለሁ፤ የተማርኩት አብዛኛው ነገር የመጣው ከእሱ ነውና።

መሥሪያ ቤቱና መስመሩ

መሥሪያ ቤቱ መገናኛ አካባቢ የሚገኝ ቅርንጫፍ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። 42 ሠራተኞች፣ ወደ 30 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችና 3 የአገልግሎት መስኮቶች አሉት። ከውጪው ዓለም ጋር የሚያገናኘው አንድ የ10 ሜጋቢት መስመር ብቻ ነው። የባለጉዳዩ መረጃ የተቀመጠው ዋናው መሥሪያ ቤት ባለው ሰርቨር ላይ ስለሆነ መስኮቶቹ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ በዚሁ መስመር ሄደው መመለስ አለባቸው። ዋይፋይም አለ። የይለፍ ቃሉ በየወሩ ይቀየራል፤ በተቀየረ በማግስቱ ደግሞ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም ያውቀዋል።

ጠዋት 2፡30 ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ግን ሻይ ተጠጥቶ ይመለሳል። አንዱ የትናንት ማታውን ጎል ይከፍታል፣ አንዷ ያመለጣትን ድራማ፣ ሌላው ቲክቶኩን። የቴሌግራም ግሩፖች ያደሩትን ቪዲዮ ሁሉ በየስልኩ ላይ ማራገፍ ይጀምራሉ። በዚያው ሰዓት መስኮት ቁጥር 2 ላይ የተቀመጠችው ልጅ እጇን ከኪቦርዱ ላይ ታነሳና ወደ ባለጉዳዩ ቀና ትላለች። የምትለውን ታውቁታላችሁ።

የቢሮው የአይቲ ባለሙያ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ፕሪንተር ሲጣበቅም፣ ስልክ ሲሰበርም፣ አንዳንዴ አምፖል ሲቃጠልም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ወንበር አቀረቡልኝና፣ «ልጄ፣ ኔትወርክ ተምሬ ፖሊስ ሆኜ ቀረሁ፤ አንተ መላ ካለህ አምጣ» አሉኝ። እኔ ደግሞ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያለ የሚመስለኝ መላ ብዙ ነው።

ሒሳቡ ምን ይላል

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት እናጥራ። መስመር የሚለካው በቢት፣ ፋይል የሚለካው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። ብዙ ኃላፊዎች «10 ሜጋ እየከፈልን» ሲሉ በልባቸው ያለው ባይቱ ነው፤ ገና ከመነሻው ስምንት እጥፍ ይለያያሉ።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንሂድ። ጉግል ለዩቲዩብ የሚሰጠው የፍጥነት መመሪያ እንደሚለው በ480 ጥራት ለማየት 1.1 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ያስፈልጋል፣ በ720 ጥራት 2.5፣ በ1080 ጥራት ደግሞ 5 ሜጋቢት። ስለዚህ 42 ሠራተኛ ካለበት ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ በ1080 ቢከፍቱ መስመሩ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ሠርቼ ለጋሼ ሳሳያቸው፣ «እና ይኼ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንቆቅልሹ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የመስኮቱ ሲስተም አንድ የባለጉዳይ ገጽ ለመክፈት የሚያመጣው 50 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። 50 ኪሎባይት 400 ኪሎቢት ነው፤ በባዶ መስመር ላይ ከሰከንድ መቶኛ 4ቱን ብቻ ይወስዳል። ቪዲዮዎቹ መስመሩን ሞልተው ለመስኮቱ አንድ ሃያኛውን ብቻ ቢተዉለት እንኳ ገጹ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መድረስ ነበረበት። ታዲያ ለምን ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይሞታል?

መልሱን ያገኘሁት ሁላችንም አንደኛ ዓመት ላይ በተማርናት በፒንግ ትእዛዝ ነው። ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት ስለካ መልእክቱ ሄዶ የሚመለሰው በ20 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ስለካ 1,200 ሚሊሰከንድ አለፈ። መስመሩ አልተቆረጠም። ፓኬቶቹም አልጠፉም፤ ቆመው ወረፋ እየጠበቁ ነው። የሚጠብቁት ደግሞ መስመሩ ከመሞላቱ በፊት ባለ አንድ ማጠራቀሚያ፣ ማለትም በፈር ውስጥ ነው። እስኪ አብረን እናስላው። አንድ ትልቅ ፓኬት 1,500 ባይት ነው። በሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ ልማድ እንደነበረው በፈሩ 1,000 ፓኬት የሚይዝ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። ይህን በ10 ሜጋቢት መስመር ለማስተላለፍ 1.2 ሰከንድ ይፈጃል። ከለካሁት ጋር ቁጭ ብሎ ገጠመ፤ ያን ቀን ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚህ በኋላ የመስኮቱ ችግር ግልጽ ነው። ገጹ ትንሽ ቢሆንም አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ አይመለስም። የቲሲፒ ትውውቅ አለ፣ የምስጢር ቁልፍ ልውውጥ አለ፣ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ አለ፣ ከዚያ ስሙ፣ ፎቶው፣ ፋይሉ ተራ በተራ ይጠየቃል። በዚያ ቢሮ ሲስተም ላይ ብቆጥር አንድ ባለጉዳይን ለማስተናገድ ወደ 30 የሚጠጋ ደርሶ መልስ አገኘሁ። 30 ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። 30 ጊዜ 1.2 ሰከንድ ግን 36 ሰከንድ ነው። ሲስተሙ ደግሞ 30 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካላገኘ ራሱን ይዘጋል። እንግዲህ «ሲስተም የለም» ማለት ይህ ነው፤ ሲስተሙ አለ፣ መስመሩም አለ፣ ደርሶ መልሱ ግን ከትዕግሥቱ በላይ ሆኗል።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው የ32 ኪሎቢት መስመር በመጨናነቅ ምክንያት ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወርዶ ነበር፤ ሁለቱ ግቢዎች የሚራራቁት 400 ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ነው። ቫን ጃኮብሰን ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬ ድረስ ቲሲፒ ፍጥነቱን የሚቀንስበትና የሚጨምርበት መሠረት ነው። ቲሲፒ የሚቀንሰው ግን ፓኬት ሲጠፋበት ነው። በፈሩ ትልቅ ከሆነ ፓኬት ቶሎ አይጠፋም፣ ላኪው «ገና ቦታ አለ» ብሎ መላኩን ይቀጥላል፣ ወረፋውም ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለ መሐንዲስ ከቤቱ ብዙ ዳታ ሲልክ የቤተሰቡ ኢንተርኔት ለምን እንደሚታነቅ ሲመረምር ይህንኑ አገኘና ባፈርብሎት የሚለውን ስም አወጣለት።

መዝጋት ለምን አልሠራም

ጋሼ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሦስት ነገሮችን ሞክረዋል። በአጭሩ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ፕሮክሲ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንደ ስኩዊድ ያሉ ፕሮክሲዎች አንዴ የወረደን ገጽ አስቀምጠው ለሚቀጥለው ጠያቂ ከቅርብ ይሰጡ ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው በዚህ ዘዴ ተአምር እንደሠሩ ይናገራሉ፤ አምናቸዋለሁም። ዛሬ ግን አብዛኛው ገጽ፣ ዩቲዩብን ጨምሮ፣ የሚመጣው ተመስጥሮ ነው። ፕሮክሲው ያልፍበታል እንጂ ከፍቶ ሊያስቀምጠው አይችልም።

ሁለተኛው ገደብ ነው። በፖርት 443 የሚያልፈውን የቲሲፒ ትራፊክ በሚመለከት ሕግ ጽፈው ነበር። ቪዲዮው ግን አልነካው አለ። ምክንያቱ ክዊክ የተባለው አዲሱ ፕሮቶኮል ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ደረጃ ወጥቶለታል፣ የሚሄደውም በቲሲፒ ሳይሆን በዩዲፒ ላይ ነው። ሕጉ የፊት በሩን ሲጠብቅ ዩቲዩብ በጓሮ ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው። አንድ ሰኞ ዩቲዩብና ፌስቡክ ተዘጉ። ማክሰኞ ቪፒኤን ያልጫነ ስልክ አልነበረም፤ የትኛው ቪፒኤን እንደሚሻል ለጋሼ የነገሯቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። ቪፒኤን ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቪዲዮውም፣ ኢሜይሉም፣ የስልክ ጥሪውም በአንድ የተመሰጠረ ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ራውተሩ የትኛው ምን እንደሆነ መለየት አይችልም። በዚያ ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት የላከው የሥልጠና ቪዲዮ ያለው ዩቲዩብ ላይ ስለነበር በሳምንቱ እንዲከፈት በደብዳቤ ታዘዙ።

የእኔ ስህተት

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። «ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም እንወቅ» አልኩ። ራውተሩ ሚክሮቲክ ስለነበር በእያንዳንዱ አይፒ አድራሻ ያለፈውን ዳታ ለአምስት የሥራ ቀን መዘገብኩ። አድራሻዎቹን ጋሼ ዘንድ ካለው የቢሮ ዝርዝር ጋር አስተያየሁና ከላይ ወደ ታች ደርድሬ ጥሩ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ ቀለምም ቀባሁለት። አንደኛ የወጣው 38 ጊጋባይት የተጠቀመው የመዝገብ ቤቱ አድራሻ ነው።

መዝገብ ቤት የሚሠሩት አንዲት ሴት ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀራቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው። ሠንጠረዡን ለጋሼ ሰጠሁ፣ ጋሼ ለኃላፊው ሰጡ። ኃላፊው በሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ «እዚህ ቢሮ ሲስተም የሚጠፋው በማን ምክንያት እንደሆነ ዛሬ በማስረጃ ይዣለሁ» አሉና ስማቸውን ጠሩ። እትዬ ብድግ ብለው፣ «እኔ ሥራ እየሠራሁ ሬዲዮ ነው የማዳምጠው፣ በጆሮዬ ሰክቼ» አሉ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣባቸው፤ ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ግልባጭ ለግል ማኅደራቸው።

እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሠንጠረዡ ትክክል ስለሆነ ምንም አላልኩም። ማታ ቤት ገብቼ ግን «ሬዲዮ» የሚለው ቃል አላስተኛ አለኝ። በማግስቱ መዝገብ ቤት ገብቼ፣ «እትዬ፣ የሚያዳምጡትን ላይ እችላለሁ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ነህ አሉ ወረቀቱን የጻፍከው? እየው፣ ምን እደብቃለሁ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። የከፈቱት በኢንተርኔት የሚተላለፍ ሬዲዮ ነው፤ ድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት።

እዚያው ቆሜ አሰላሁት። 128 ኪሎቢት በቀን 8 ሰዓት ሙሉ ቢከፈት 460 ሜጋባይት ገደማ ነው። በአምስት ቀን 2.3 ጊጋባይት። 38 ጊጋባይት በዚህ ፍጥነት ለመጨረስ ስንት ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ብገለብጠው 660 ሰዓት መጣ። ያለ ዕረፍት፣ ሌሊትም ቀንም፣ 27 ቀን። ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ የ27 ቀን ሬዲዮ ማዳመጥ አይችልም። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፤ ሠንጠረዡን ቀለም ስቀባ ግን ግማሽ ቀን ቆይቼ ነበር።

ሽቦውን ተከተልኩ። ከኮምፒዩተራቸው የወጣው ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ አልተሰካም። ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ አንዲት ትንሽ የቤት ራውተር አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። የዋናው ዋይፋይ ሲግናል በዚያ ኮሪደር ስለማይደርስ የጎረቤት ክፍል ልጆች ከዓመት በፊት የሰኳት ናት። እትዬ «የመብራት ነገር መስሎኝ ነው» አሉኝ። በእሷ ውስጥ የሚያልፍ ስልክ ሁሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ተረኛ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሳይቀር፣ ወደ ውጪ የሚወጣው በአንድ አድራሻ ነው፤ በመዝገብ ቤቱ አድራሻ። ናት የምንለው የአድራሻ ትርጉም ሥራው ይህ ነው። ፈተና ላይ መጥቶ በደንብ መልሼዋለሁ። አንድ አድራሻ አንድ ሰው ነው ብዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ መሣሪያው እንዲህ አላለም።

የቦኖ ውኃ ሕግ

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቦኖ ነበር። ቧንቧው አንድ፣ ቀጭን፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ። አንዳንዷ ሴት አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ትመጣለች፤ ጠላ የሚጠምቁት ደግሞ ዐሥር ይዘው። ተራው የጀሪካን ቢሆን ኖሮ ዐሥሩን ቀድሞ የደረደረ ሰው ሌላውን እስከ ምሽት ያስጠብቅ ነበር። የቦኖው ጠባቂ ግን ሕጋቸው ሌላ ነበር፤ ለአንድ ሰው በአንድ ዙር አንድ ጀሪካን። ዐሥር ያለሽ ዐሥር ዙር ትጠብቂያለሽ። አንድ ጆግ ብቻ የያዘ ሕፃን ከመጣ ደግሞ «አሳልፉት» ይባላል፤ ጆግ ሲሞላ ማንንም አያዘገይምና።

ጆን ኔግል እ.ኤ.አ. በ1985 በጻፈው ሰነድ ያቀረበው ሐሳብ በመሠረቱ የቦኖው ጠባቂ ሕግ ነው። ሁሉም ፓኬት በአንድ ሰልፍ ከሚቆም ለእያንዳንዱ ላኪ የራሱ ሰልፍ ይሰጠው፣ ራውተሩም ከየሰልፉ በዙር ያሳልፍ ይላል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ኮድል የተባለውን ዘዴ ጨመሩበት፤ ይህ ደግሞ የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን አንድ ፓኬት የቆመበትን ጊዜ ይለካል፣ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ መቆሙ ከቀጠለ ፓኬት እየጣለ ላኪውን «ቀስ በል» ይለዋል። ሁለቱ ተዳምረው ኤፍኪው ኮድል ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ ሰነድ ወጥተዋል። ከእነዚህ ሁሉ ደስ የሚለኝ የጆጉ ነገር መካተቱ ነው። ጥቂት ፓኬት ብቻ ያለው አዲስ ሰልፍ ቅድሚያ ያገኛል። የመስኮቱ ሲስተም ጆግ ነው፣ ቪዲዮው ዐሥር ጀሪካን።

ኬክ የተባለው ተከታያቸው ደግሞ በመጀመሪያ ለየአድራሻው፣ ቀጥሎ በዚያ አድራሻ ውስጥ ላለው እያንዳንዱ ግንኙነት እኩል ያካፍላል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በግንኙነት ብቻ ብናካፍል ሃያ ግንኙነት የሚከፍት ማውረጃ ሶፍትዌር ያለው ሰው ሃያ እጥፍ ይወስዳል፤ ጀሪካኖቹን በሃያ ልጆች እጅ አስይዞ እንደሚሰለፍ ብልጥ ማለት ነው።

ምን አደረግን

የመጀመሪያው ሥራ ያችን አቧራማ ራውተር ማንሳትና በምትኩ በዋናው ራውተር ሥር ያለ ሌላ የዋይፋይ አንቴና መትከል ነበር፤ እያንዳንዱ ስልክ የራሱን አድራሻ እንዲያገኝ። ይህ ካልሆነ ፍትሐዊ ክፍፍሉ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ኮሪደር ሙሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፣ እትዬም አብረው ይታነቃሉ።

ቀጥሎ የራውተሩን ሶፍትዌር ወደ 7ኛው ትውልድ አሻሻልን፤ ኤፍኪው ኮድልና ኬክ ሚክሮቲክ ላይ የገቡት ከዚያ ወዲህ ነውና። ከዚያ ብዙ ሰው የሚገርመውን ነገር አደረግን፤ የ10 ሜጋቢቱን መስመር ሆን ብለን በ9 ገደብነው። ጋሼ ራሳቸው «ያለንን ልትቀንስብን ነው?» ብለው ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። ማነቆው እኛ ጋ ካልሆነ ወረፋው የሚጠራቀመው በአቅራቢው መሣሪያ ውስጥ ነው፣ እሱን ደግሞ ማዘዝ አንችልም። ትንሽ ስንጠብበው ወረፋው ወደ እኛ ራውተር ይመጣል፣ የእኛ ሕግም ይገዛዋል። አንድ ሜጋቢት ከፍለን ሥልጣኑን ገዛን ማለት ይቻላል። ወደ ላይ በሚላከው በኩልም እንዲሁ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ለሦስቱ መስኮቶች 2 ሜጋቢት ዋስትና ሰጠናቸው። ዋስትና ማለት አጥር አይደለም። መስኮቶቹ ሳይጠቀሙበት ሲቀሩ ሌላው ይበደረዋል፣ ሲፈልጉት ወዲያው ይመለስላቸዋል። በዚህ ምክንያት ለምሳ ሰዓት የተለየ ሕግ መጻፍ እንኳ አላስፈለገንም፤ መስኮቶቹ 6፡30 ሲዘጉ መስመሩ በራሱ ለጎል ተመልካቾች ይለቀቃል።

አሁን ሒሳቡን ድጋሚ እንየው። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መስኮቶቹ 2 ሜጋቢታቸውን ይዘዋል፣ ለቀረው 7 አለ። ስድስት ሰው ቪዲዮ ቢከፍት ለእያንዳንዱ ከ1.1 ሜጋቢት ትንሽ የሚበልጥ ይደርሰዋል፤ ያ ደግሞ ለ480 ጥራት ይበቃል። ዩቲዩብ የሚልከው ቪዲዮ በትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ በተለያየ ጥራት የተዘጋጀ ስለሆነ ማጫወቻው ያገኘውን ፍጥነት አይቶ ጥራቱን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ማንም አልተከለከለም፣ ማንም ቪፒኤን መጫን አላስፈለገውም። ጎሉ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ ኳሷ ግን መረብ ውስጥ ስትገባ ትታያለች።

የቀረው ከሰው ጋር የሚሠራ ሥራ ነበር። በየክፍሉ እየዞርን ቴሌግራም ላይ ሚዲያን በራሱ የሚያወርደውን ምርጫ አጠፋን፤ ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭነውንም እንዲሁ። የዊንዶውስ ማሻሻያ አንዱ ኮምፒዩተር ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ከእሱ እንዲወስዱ አደረግን፤ ይህ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ያለ፣ ግን ቅንብሩን ሄዶ የሚያይ ሰው ያጣ ምርጫ ነው። የሥልጠና ቪዲዮዎቹን ዋናው መሥሪያ ቤት በፋይል እንዲልክልን ጠይቀን በጋራ ፎልደር አስቀመጥናቸው። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ መካከል የቴሌግራሙ ብቻውን ያመጣው ለውጥ ከጠበቅኩት በላይ ነው።

በሥራ ሰዓት ድራማ ማየት ተገቢ ነው እያልኩ አይደለም። ተገቢ አይመስለኝም። ግን ያ በሠራተኛውና በአለቃው መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ አለቃው ተነስተው ሄደው ማናገር ይችላሉ። ራውተሩን ይህን እንዲዳኝ ስናደርገው ማየት የማይችለውን እንዲያይ እየጠየቅነው ነው፣ ለእኔም እንደሆነው በተሳሳተ ሰው ላይ ጣቱን ይቀስራል።

ከዚህ በኋላ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ፒንግ ስለካ ከ60 ሚሊሰከንድ በታች ነበር። መስኮት 2 ያለችው ልጅ ምን እንዳደረግን አታውቅም፤ «ሲስተሙ ተለወጠ እንዴ?» ብላ አንድ ቀን ጠየቀችኝ። «ሲስተም የለም» ግን ጨርሶ አልጠፋም። መብራት ሲጠፋ ይባላል፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሲወድቅም ይባላል። ያኔ ቢያንስ እውነት ነው።

ደብዳቤው

ኃላፊው ቢሮ ለመግባት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አንዱ ቀን የፍርሃት ነበር። ያችን ራውተር በፌስታል ይዤ፣ የ27 ቀኑን ሒሳብ በአንድ ገጽ ጽፌ ገባሁ። ጋሼም አብረውኝ ገቡ፤ «ወረቀቱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ብቻህን አትገባም» ብለው። ኃላፊው ጸጥ ብለው አነበቡ። ራውተሯን አገላብጠው አዩአትና፣ «ታዲያ ይህን ከስብሰባው በፊት ለምን አላየህም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «አላሰላሁትም፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

ደብዳቤውን ይቀዱታል ብዬ ነበር። ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ግን እንዲሁ አይቀደድም፤ የሚሻረው በሌላ ደብዳቤ ነው። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያው መነሳቱን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ግልባጭ ለግል ማኅደር። በስብሰባ ላይ ግን ምንም አልተባለም። በዚያ ሰኞ የሳቁት ሰዎች ሁለተኛውን ደብዳቤ አላዩትም።

ይቅርታ ልጠይቅ መዝገብ ቤት ስገባ እትዬ የጆሮ ማዳመጫቸውን ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስገብተውት ነበር። «እትዬ፣ አሁን እኮ መክፈት ይችላሉ፣ ማንንም አይነካም» አልኳቸው። «ይሁን፣ ልጄ» አሉኝ፣ አልከፈቱም። ከፊታቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች አሉ። ወደ ማኅደር የሚገባ ወረቀት ሁሉ የሚያልፈው በእሳቸው እጅ ነውና፣ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም በየቁጥራቸው መዝገቡ ላይ ጻፉ፣ በሁለቱም ላይ ማኅተም መቱ፣ የራሳቸውን ፋይል ከመደርደሪያው አውርደው በቀን ቅደም ተከተል አስገቧቸው።